መኪና የማይገባበት መንገድ

አስፋ የእናታችንን ሞት ሰማ። የተነገረው ትናንት እሑድ ጥቅምት 8 ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ እዚህ ጄኔቭ፣ ላንሲ እኔ ቤት ነው።

እትዬ ሕብስት፣ ይህን ማስቀደሜ ሰላምታውን ንቄ አይደለም። ከሁሉ በፊት ልትሰሚው የምትፈልጊው እሱን እንደሆነ ስለማውቅ ነው። እንግዲህ እንደምን ከርመሻል? ከቀብሩ ወዲህ እንቅልፍ ይወስድሻል? ያ የሚያቃጥልሽ ጨጓራ ጋብ አለልሽ ወይ? እህል ትቀምሻለሽ ወይስ ለቅሶ ደራሹን ስታስተናግጂ ቆመሽ ነው የምትውዪው? የአቶ ቢረሳው የደም ግፊት እንዴት ነው? ሂሩት ትምህርት ጀመረች? ክረምቱስ እንዴት ወጣላችሁ፤ የጓሮው ግንብ ቆመ ወይስ ጎርፉ ወሰደው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የቀረውን ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አላኩትም። የምታደርስልሽ የኅሩይ ሚስት የወይንሐረግ ናት። ኅሩይን አትረሽውም፤ ጋዜጣ ቤት አብሮኝ ይሠራ የነበረው፣ ዛሬ እዚህ ጄኔቭ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት አስተርጓሚ የሆነው ነው። የወይንሐረግ በባሏ ሥራ ምክንያት መግባት መውጣቱ አያስቸግራትም። እናቷን ለመጠየቅ ረቡዕ ማታ ከዚህ ተነሥታ ሐሙስ ጠዋት አዲስ አበባ ትደርሳለች። ስለዚህ በፖስታ የማልጽፈውን ሁሉ ጽፌያለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥዪው።

«ለአስፋ በደንቡ ይነገረው፤ ብቻውን እንዳይሰማ» ብለሽ በሰው የላክሽው ቃል የደረሰኝ መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ለእኔ ኅሩይና የወይንሐረግ በማለዳ መጥተው ነገሩኝ። ስለ እሱ ቀን ሌላ የምጽፈው የለኝም። አስፋ ግን ዙሪክ ነው ያለው፣ ከዚህ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል የሚያስኬድ። አልትሽቴተን በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ሌሊት ሌሊት ከአውቶቡሶች ማደሪያ ገብቶ ወለልና ወንበር ያጸዳል፣ ቀን ይተኛል። ግድግዳ የሚለየውን ጎረቤቱን በስም አያውቀውም። በማለዳ ሄደን እናንኳኳ እንዳንል፣ ማለዳ እሱ ከሥራ የሚገባበት ሰዓት ነው። ብንሄድስ ክፍሉ አራት ሰው አይዝም። ስለዚህ እኔ ቤት ይምጣና እዚህ ይነገረው ተባለ።

የሚያቅፈው ደግሞ ያስፈልግ ነበር። ፈትለወርቅ የምትባል ሴት አለች፤ ዙሪክ አጠገብ ባለችው በቪንተርቱር ሆስፒታል አስታማሚ ናት። አስፋ ከሱዳን ወደዚህ የመጣ ሰሞን ምግብ እያመላለሰች፣ ቢሮ ለቢሮ ይዛው እየዞረች ሰው ያደረገችው እሷ ናት። ያለ እሷ አይሆንም አልን። አንድ እሑድ እሷ ተረኛ ሆነች፣ የሚቀጥለው እሑድ ኅሩይ ከከተማ ወጣ። እዚህ አገር ለቅሶ የሚደረሰው በእረፍት ቀን ነው፣ እትዬ። ሁሉም የሚያርፍበት እሑድ ጥቅምት 8 ሆኖ ተገኘ። ሰዓቱንም እንደ አገራችን ማለዳ ማድረግ አልተቻለም፤ ከሩቅ የሚመጣው ሰው የሚደርሰው ከቀትር በኋላ ነው። አሥር ሰዓት ይሁን ተባለ። አስፋ ቅዳሜ ማታ ብስክሌቱን በባቡር ጭኖ እኔ ጋ መጥቶ ሊያድር ነውና እሑድን ቀኑን ሙሉ ከቤት ማራቅ ነበረብኝ።

ማራቂያው ብስክሌት ነበር። አስፋ ብስክሌት መንዳት እንደሚወድ ከዚህ በፊት ሳልጽፍልሽ አልቀረሁም። አንድ አሮጌ ገዝቶ ራሱ አድሶታል። በየእሑዱ ከአልትሽቴተን ተነሥቶ የሊማትን ወንዝ ተከትሎ ይወርዳል፣ የወይን ተክል ወዳለበት ዳገት ይወጣል፣ ጫካ ይገባል፣ ሲመሽ ይመለሳል። የሚሄደው ሁሉ በኮረኮንች ነው። እነዚህ ሰዎች ለገበሬና ለእግረኛ ብለው በየወንዙ ዳርና በየጫካው የጠጠር መንገድ ዘርግተዋል። መግቢያው ላይ ዙሪያው ቀይ የሆነ ክብ ነጭ ሰሌዳ ይተክላሉ፤ መኪና አይግባ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ጥሩ አስፋልት እያለ ለምን በኮረኮንች እንደሚንገላታ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ አስፋልት ላይ ከኋላዬ የሚመጣ መኪና ፍጥነት ሲቀንስ እግሬ ፔዳሉ ላይ ይደርቃል። ጫካው ውስጥ ከኋላ የሚመጣ የለም» አለኝ። በ70 ዓ.ም. በራችን ላይ ፍጥነቷን ቀንሳ የቆመችውን ላንድሮቨር አንቺም አትረሻትም። ሁለቱን ጓደኞቹን ይዛ ሄደች፤ እሱ በጓሮ ወጣ። እነሱ እስከ ዛሬ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም።

እኔም መኪና የማይገባበትን መንገድ የመረጥኩት በራሴ ምክንያት ነው። የእኛ ሰዎች ጥቁር ለብሰው ከየአቅጣጫው በአውቶቡስም በመኪናም ወደ ቤቴ እየመጡ ነበር። አንዳቸው አስፋልት ላይ አግኝተውት «እግዚአብሔር ያጽናህ» ቢሉት አለቀ። ስለዚህ አበሻ የማይተላለፍበትን መንገድ ካርታ ዘርግቼ ፈለግኩ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሦስታችን ወጣን፤ አስፋ፣ ኅሩይና እኔ። ኅሩይ የሚስቱን ብስክሌት ነው የያዘው፣ ፊት ለፊቱ የገበያ ቅርጫት ያለበትን። አስፋ ገና ሲያየው «ጋሽ ኅሩይ፣ ጎመን ሊገዙ ነው?» አለው። ኅሩይም «አንተ ሲደክምህ የማዝልህ በዚህ ነው» ብሎ መለሰለት። የታረሰውን ማሳ አቋርጠን ጫካ ገባን፤ ከጫካው ወደ ሮን ወንዝ ወረድን። ጭጋግ ወንዙ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ውሃው አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይንኮሻኮሻል። ኅሩይ «እናንተ ዙሪኮች ወንዝ የምትሉት የቦይ ውሃ ነው፤ ወንዝ ይህ ነው» ሲል አስፋ «የታለ? እኔ የሚታየኝ ጉም ነው» አለ። ኅሩይ ከዚያ በኋላ ሲቀልድ ዓይኑን ከእኔ ዓይን ያሸሽ ነበር። እኔም ከኋላ ሆንኩ። ከፊቴ ያለው የአስፋ ጀርባ ልክ የአባታችን ጀርባ ነው፣ ትከሻው እንኳ እንደዚያው ወደ ግራ ያዘነብላል።

ወንዙን በአንድ ግድብ ላይ ተሻግረን ወይን የተተከለበትን ዳገት ወጣን። ወይኑ ተለቅሞ አልቋል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ ለቃሚ የረሳው ዘለላ እዚህም እዚያም ደርቋል። ሰው የለም። አስፋ ደስ ብሎት ነበር። ከአገር ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት እግሩን ከፔዳሉ አንሥቶ እንደ ልጅነቱ ይጮህ ነበር። ከዳገቱ ማዶ አሎንዶን የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ፤ ድንጋይ የበዛበት፣ ጥልቀት የሌለው፣ ዙሪያው ጫካ። እዚያ ዳቦና አይብ ይዘን ተቀመጥን።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ እንዳትቆጣ» አለኝ። የመስቀል ዕለት ለእማዬ እንኳን አደረሰሽ ለማለት ጎረቤታችን ጋሽ ሀብተሥላሴ ቤት ደውሎ ነበር። እሳቸውም «እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ተኝተዋል» አሉት። እንግዲህ እማዬ ያኔ ከተቀበረች ስድስተኛ ቀኗ ነው። ጋሽ ሀብተሥላሴ ያሉት በእሳቸው ቦታ ያለ ሰው ሁሉ የሚለውን ነው፤ በስልክ ሌላ ምን ይባላል? አስፋ ግን «ትንሽ» ሲሉ ድምፃቸው ልክ አልመጣልኝም ይላል። ጠንቶባት ነው ብሎ ሐሳብ ገባው። መሞቷን አልጠረጠረም፤ ሳላያት ልትሞትብኝ ነው ብሎ ፈራ። ከዚያ ለእኔ ሳይነግር በሥራ ቀን ጄኔቭ መጥቶ ኤምባሲያችን ገባ። በደግ ተቀበሉት። አገር መግቢያ ወረቀት፣ ለአንድ ጉዞ ብቻ፣ ሰጡት። ለፊታችን ቅዳሜ የአውሮፕላን መቀመጫ አስይዟል። ዙሪክ ያለው የውጭ አገር ሰዎች ቢሮ ደግሞ በዚያ ወረቀት አገሩ ከገባ የስደተኛ መታወቂያው እንደሚሰረዝና መመለሻ እንደማይኖረው ነግሮታል። ይህን ሁሉ ያወራኝ ዳቦውን እየቆረሰ ነው።

«ቢያስሩህስ?» አልኩት። «በሕይወት ሳለች ልድረስባት። ከዚያ ወዲያ የመጣው ይምጣ» አለኝ። ቀጥሎም ለጉልበቷ ከበግ ጠጉር የተሠራ ማሞቂያ መግዛቱን ነገረኝ። «ልኳን አላወቅኩም፤ በራሴ ጉልበት ለክቼ ነው የወሰድኩት። ይሰፋት ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። ኅሩይ ተነሥቶ ወንዙ ዳር ሄደና ፊቱን ታጠበ። እኔ «አይሰፋትም» አልኩት።

ለምን እዚያው አልነገርከውም ትይኝ ይሆናል። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ዘመድ በሌለበት፣ ገና ያን ሁሉ ዳገት በብስክሌት ለሚመለስ ሰው፣ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እናትህ ሞታለች ልለው አልቻልኩም። ቤቴ ውስጥ የሚያቅፉት ሰዎች እየተሰበሰቡለት ነው፤ የቀረው ጥቂት ሰዓት ነው አልኩ። አንቺም በደንቡ ይነገረው ብለሻል። ሰማዩ ከበደ፣ ዝናብ ጀመረ፣ ተነሣን።

ስንመለስ ሌላ ጭንቅ መጣ። እሑድ ሌሊት ሥራ ስላለበት፣ ከመንገዳችን በስተግራ ካለው ትንሽ ባቡር ጣቢያ በቀጥታ ወደ ዙሪክ ልሂድ አለ። «ዕቃ አልተውኩም፣ ለምን ደግሞ ወደ ላንሲ እመለሳለሁ?» ይላል። ኅሩይ ነው የደረሰልኝ። «የወይንሐረግ ዶሮ ሠርታ ተቀምጣለች። አንተ ሳትበላ ብትሄድ እኔን ነው የምትቀቅለኝ» አለው። አስፋ «ከእንቁላሉ ጋር?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አልሳቀም።

ብስክሌቶቹን ምድር ቤት አስገብተን ደረጃውን ወጣን። እዚህ አገር እሑድ የሕንፃ ሰው ድምፅ አይወድም። የሕንፃውን ጠባቂ አስቀድሜ አስፈቅጄ ነበር፤ «ሐዘን ከሆነ ይሁን፣ ግን እባካችሁ ቀስ ብላችሁ» ብላኛለች። ስለዚህ ሴቶቹ እንዳይጮኹ ተማክረው ነበር። በሩን ስከፍት ቤቱ ሰው ሞልቶ ጸጥ ብሎ ነበር። ፈትለወርቅ ፊት ለፊት ቆማለች፣ የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ አድርጋ፣ አፏ ላይ ፎጣ ይዛ። ሌላ የሚነግረው አላስፈለገም። የሱሪው ጫፍ ካልሲው ውስጥ እንደተወተፈ፣ ፀጉሩ ዝናብ እያንጠባጠበ ቆመ። «እማዬ ናት?» አለ። ፈትለወርቅ አቀፈችው።

ጥቂት ቆይቶ ከእቅፏ ወጣና ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ወንዙ ዳር ስነግርህ ታውቅ ነበር?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ይሰፋታል ወይ ስልህም?» አዎ አልኩት። ፎጣውን ከፈትለወርቅ እጅ ወስዶ አፉ ላይ ያዘና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እንደዚያ ሆኖ አለቀሰ። ስምንት ዘጠኝ ሰው ነበርን፤ አንድም ሰው ጮክ ብሎ አላለቀሰም። እናታችን በዚህ ቤት የተለቀሰላት እንደዚህ ነው። ኋላ ማድ ቤት ውስጥ ፈትለወርቅ «እኛ በደንቡ ነው ያደረግነው፣ ፍቅሬ። ደንቡ ግን ጎረቤት ላለው ሰው ነው» አለችኝ።

ዛሬ ሰኞ አስፋ እኔ ጋ ነው። ከአለቃው በስልክ ሁለት ቀን አስፈቅደንለታል፤ ነገ ማታ ወደ ዙሪክ ይመለሳል። ከእኔ ጋር ቀጥታ አይነጋገርም። ውሃ ሲፈልግ እንኳ ለኅሩይ ነው የሚናገረው። ዛሬ ጠዋት ግን አስቀምጬ አናገርኩት። እንግዲህ የምትደርስላት እናት የለችም፤ መቀመጫውን ተወው አልኩት። ባለፈው ዓመት ከዚህ ተመልሰው ስለገቡት ሁለት ልጆች የማውቀውንም ነገርኩት። አንደኛው ሥራ ይዞ ይኖራል። የሁለተኛው ቤተሰቦች አውሮፕላን ማረፊያ ሄደው ሻንጣውን ብቻ ተቀብለዋል። የሰማሁትን ሁሉ አይደለም የነገርኩት፤ ያጣራሁትን ብቻ ነው።

እሱም እስክጨርስ ሰማኝና እንዲህ አለኝ፦ «ያጣራኸውን ነው የምትነግረኝ። ትናንትም አጣርተህ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ይዘኸው ዋልክ። ጋሽ ሀብተሥላሴም አጣርተው ነበር። ከእንግዲህ ሰው ደህና ነው ሲለኝ፣ አስጊ ነው ሲለኝ፣ ማንን ብዬ ነው የማምነው? አርባዋ ጥቅምት 20 ነው። መቃብሯን በዓይኔ ካላየሁ መሞቷንም አላምንም።» ቁጣ አልነበረውም። ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። ኅሩይ ሊቆጣው ሞከረና «አንተ ልጅ፣ ወንድምህ እኮ ነው» አለው። አስፋ «ወንድሜ ስለሆነ ነዋ» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ስለዚህ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፣ እትዬ። የኔ ቃል ከእሱ ዘንድ ዋጋ አጥቷል። የአንቺ አላጣም፤ አንቺ ለእሱ እስካሁን ምንም አላልሽውም። የወይንሐረግ ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ አንቺ ጋ ነው የምትመጣው። ይህን እንዳነበብሽ ቴሌ ሂጂና ወደ ዙሪክ ስልክ አስይዢ። የአከራዩን ቁጥር የወይንሐረግ ትሰጥሻለች፤ ቀን ቀን ቤቱ ነው። እማዬ እንዴት እንዳረፈች፣ ማን አጠገቧ እንደነበረ፣ የት እንደተቀበረች በራስሽ አፍ ንገሪው። ያልቅስ፤ እዚያ ከፈለገ ይጩህ። ከዚያ ስለ መምጣቱ የምታውቂውን ንገሪው። ቀበሌው ስለ እሱ እስከ ዛሬ መጠየቁን አለመጠየቁን ከዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም፤ አንቺ ታውቂያለሽ። በስልክ ብዙ እንደማይወራም ታውቂያለሽ። የሚጠይቁ ከሆነ «ባለህበት ሁን» በዪው፣ ይበቃዋል። ጊዜው በእርግጥ ረግቶ ከሆነና ና የምትዪው ከሆነ ደግሞ ና በዪው፤ እኔ አልቃወምሽም። ከሁለቱ አንዱን ንገሪው። እንዳይደነግጥ ብለሽ አታለስልሽለት።

አቶ ቢረሳውን አክብሬ እጅ እነሣለሁ፤ በቀብሩ ዕለት የእኔንና የአስፋን ቦታ ሸፍነው መቆማቸውን ሰምቻለሁ። ሂሩትን ሳሚልኝ፤ የአያቷን አልጋ ለእሷ ስጫት፣ እማዬም እንደዚያ ነበር የምትለው። አክስታችን ምንትዋብን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ፍቅሬ ሐዘኑን ሰው መካከል ሆኖ ነው የተቀመጠው በያቸው። ጋሽ ሀብተሥላሴን ሰላም በይልኝ። ስለ ስልኩ ነገር አንድም ቃል እንዳትወቅሻቸው፤ ቢሰሙ እህል አይበሉም።

አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አስፋ ሳሎኑ ውስጥ ጋደም ብሏል፤ ይተኛ አይተኛ አላውቅም። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነው። ቲኬት ሻጩ ገና ያልተከፈለበትን መቀመጫ ሐሙስ ቢሮው እስኪዘጋ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያቆይለታል። በእናንተ ሰዓት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ማለት ነው።

ወንድምሽ ፍቅሬ
ላንሲ፣ ጄኔቭ
ሰኞ ጥቅምት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.